ከሦስተኛው ፎቅ በባዶ ደረት

ክቡራትና ክቡራን፣

ሳቁ፣ ሳቁ፤ እኔም ልስቅ ምንም አልቀረኝም። እዚህ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ሃያ ስድስት ዓመት ስሠራ «ክብርት» ተብላ የተጠራች ሴት አላየሁም። የኛ ማዕረግ «አንቺ!» ነው፤ «ኧረ ፍጠኚ!» ነው፤ «ጣትሽን!» ነው። ዛሬ ግን የሥራ ጠረጴዛችን ላይ ነጭ ጨርቅ ተነጥፏል፣ ማሽኖቹ ዝም ብለዋል፣ እኔም የእሑድ ባርኔጣዬን ደፍቻለሁ። ለአንድ ቀን ክቡራትና ክቡራን ብንባባል ማን ይከሰናል?

ከሁሉ አስቀድሜ ይህን የስንብት ግብዣ ላሰናዱልኝ ለፋብሪካችን ባለቤት ለሚስተር ክሊፎርድ ፐርዲ ምስጋናዬን አቀርባለሁ። የቅዳሜ ምሳ ሰዓታችንን ለቀውልናል፣ የአሳማውን ሥጋ አስቆርጠውልናል፣ የፖም ጭማቂውን በበርሜል አስመጥተውልናል። ኬኩ ላይም በክሬም «ኦጋስታ ብሬነር፣ መልካም ዕረፍት» አስጽፈዋል። ስሜ አልተሳሳተም፤ ለዚህም አመሰግናለሁ። የድንች ሰላጣው ግን የእርሳቸው አይደለም፤ የኮንቼታ ሩፎ ነው። ኮንቼታ፣ አትደበቂ። ሆምጣጤውን ስታበዢ ማን አያውቅሽም?

«መልካም ዕረፍት»። እዚህች ላይ ትንሽ ልቁም።

ለመሆኑ ዕረፍት የጠየቀ ማነው? ከእናንተ መካከል እኔ ጉሲ «ደከመኝ» ስል የሰማ አለ? ኮን ኦሌሪ፣ አንተ ከማተሚያው ጀርባ ሆነህ የማትሰማው ነገር የለም። ሰምተሃል? ይኸው፣ ራሱን እየነቀነቀ ነው። ጉልበቴ ደህና ነው፤ ዓይኔም ከዚህ እስከ አሳንሰሩ ድረስ የተጣመመ ስፒል ይለያል። አልጠየቅኩም። ዕረፍቱ ነው እኔን የጠየቀኝ፤ ያውም እንደ ትእዛዝ።

ምክንያቱን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ሦስት ሳምንት ሙሉ በደረጃው ላይ፣ በመታጠቢያው ቤት፣ በትራሙ ውስጥ ስትንሾካሾኩበት ከርማችኋል። ዛሬ ጮክ ብዬ ልናገረው ነው። ሚስተር ክሊፎርድ፣ አይጨነቁ፤ ሰው እየበላ ክፉ ቃል አልናገርም። እውነት ግን እናገራለሁ። የጎረሱት እንዳያንቅዎ ቀስ ብለው ያላምጡ።

ይቺ ጣሳ ከኬኩ ጎን ምን ትሠራለች ብላችሁ እያያችሁ እንደሆነ አውቃለሁ። ለጌጥ አላመጣኋትም። ቆይቼ እመጣባታለሁ።

ለምርጫው ሥራ በበጋ የገባችሁ ልጆች፣ የዚህን ቤት ልማድ ላታውቁት ስለምትችሉ ትንሽ ልንገራችሁ። ሥራችን የሰው ፊት ቆርቆሮ ላይ መለጠፍ ነው። ኮን ያትማል፣ እኛ እንቆርጣለን፣ ልባሱን እናለብሳለን፣ ማሽኑን በእግራችን ረግጠን እናጣብቃለን፣ ስፒሉን ከጀርባ እንሰካለን፤ ባጅ ይሆናል። ለማን? ለመጣ ሁሉ። ሪፐብሊካኖቹን በምልክታቸው «ዝሆኖቹ» እንላቸዋለን፣ ዴሞክራቶቹን «አህዮቹ»። ዝሆኖቹ ሰኞ በፊት በር ይመጣሉ፤ አህዮቹ ሐሙስ በዕቃ አሳንሰር። የሥራ ቀናችን እንዲህ የተከፋፈለው እንዳይገናኙና ትእዛዛቸውን እንዳይነጥቁን ነው።

አንድ ጊዜ ብቻ ተገናኙ። የዝሆኖቹ ሰው ቀን ተሳስቶበት ሐሙስ መጣ፤ ዝናብ ስለነበረ በቀረበው በር ገብቶ አሳንሰሩ ውስጥ ከአህዮቹ ሰው ጋር ተፋጠጠ። አሳንሰሩ ደግሞ ልማዱን ታውቃላችሁ፣ መሐል ላይ ቆመ። እኛ ከላይ ሆነን ጆሯችንን አቅንተን የምንጠብቀው ቡጢ ነው። ሲወጡ ተቃቅፈው እየሳቁ ነበር። ሽማግሌው ሚስተር ሲላስ፣ የሚስተር ክሊፎርድ አባት፣ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው «አየሽ ጉሲ፣ እነዚህ ሰዎች ከኛ የሚደብቁት ጠባቸውን እንዳይመስልሽ። ፍቅራቸውን ነው» አሉኝ።

ሽማግሌው ናቸው ደንቡን ያወጡት። በዚህ ፎቅ ላይ ባዶ ደረት! ባጅ የሚሠራ ሰው ባጅ አያደርግም። እኔም የተማርኩት ተቀጥቼ ነው። በገባሁ በሳምንቱ አንድ የሚያምር ሰው ፊት፣ ከብልሽት የተረፈ፣ ሸሚዜ ላይ ሰክቼ መጣሁ።

«ብሬነር፣ ያ ደረትሽ ላይ የተቀመጠው ማነው?»

«የምወደው ተመራጭ ነው፣ ሚስተር ፐርዲ።»

«ድምፅ ትሰጪዋለሽ?»

«ለሴት መቼ ተፈቀደና!»

«ታዲያ ምን ልሁን ብለሽ ነው?»

«መውደድ አልተከለከለም ብዬ ነዋ!»

ሳቁ። እንዲህ የሚስቁ ሰው አልነበሩም። ከዚያ «ከበሩ ወዲያ እንዳሻሽ ውደጂው» አሉኝ። «እኔ የዝሆን ሰው ነኝ፤ አባቴም እንደዚያው ነበሩ። ግን እዚህ ስወጣ ኮቴን ከነባጄ ከታች ሰቅዬ ነው የምወጣው። ለምን መሰለሽ? አለቃ ደረት ማየት ከጀመረ እጅ ማየት ይተዋል።»

እንግዲህ ይህ ነው ደንቡ። ሚስተር ክሊፎርድ፣ አባትዎ ይህን ሲናገሩ እርስዎ በአጭር ሱሪ በጠረጴዛዎቹ ሥር ይሮጡ ነበር። ጉልበትዎን ቆርቆሮ ቆርጦት በመሐረቤ ያሰርኩት እኔ ነኝ። ጠባሳው ዛሬም እንዳለ እገምታለሁ፤ አያሳዩን።

አሁን ስለ ጠበቃ ሃርላን ስትራውድ ልንገራችሁ። ዘንድሮ ደረታችሁ ላይ የተሰኩት ሰውዬ ማለቴ ነው። ከዝሆኖቹ ወገን ለግዛታችን ገዥነት ሲወዳደሩ ይህ የመጀመሪያቸው አይደለም፤ የዛሬ አራት ዓመትም ተወዳድረው ነበር፣ ከአህዮቹ ሰው ከዳኛ ማልቬኒ ጋር። የዚያን ጊዜው ነገር ከዚህ ፎቅ ወጥቶ አያውቅም። ኮን፣ ይቅርታህን እየጠየቅኩ ነው።

ባጁ ሲታተም ፊቱ አንድ ቀን፣ በዙሪያው የሚዞረው ስም ደግሞ በማግስቱ ነበር። በዚያ ሰሞን የሁለቱም ሥራ ተደራርቦ፣ ኮን ደግሞ ጥርሱን ታሞ ጉንጩ አብጦ፣ ወረቀቶቹ ተቀያየሩ። ስትራውድ ሪዛም ናቸው፤ ሪዛቸው ከሩቅ ይታያል። ዳኛ ማልቬኒ መላጣ ነበሩ፣ ያውም ጢም የሌላቸው። እኛ የሠራነው ባጅ ላይ የነበረው ፊት የመላጣው ማልቬኒ፣ ስሙ ደግሞ «ሃርላን ስትራውድ»! አንዳችንም ሳናይ ሳጥን ሙሉ ወጥቶ ሄደ። ቀኑን ሙሉ ፊት ስትለጥፉ ስትውሉ ፊት ፊት መሆኑ ይቀራል፤ ይህን ከናንተ በቀር የሚረዳኝ የለም።

ኮን ያወቀው የስትራውድ የምርጫ ስብሰባ ሊጀመር ሲል ነው። «ጉሲ፣ አለቀልን» ብሎ እንደ በፍታ ነጭ ሆኖ መጣ። ትራም ይዘን ወደ አዳራሹ በረርን። በሩ ላይ ስንደርስ የማርሽ ባንዱ ይነፋል፣ ሕዝቡ ይጨፍራል፣ የሁሉም ደረት ላይ መላጣው ማልቬኒ ፈገግ ብለው ተቀምጠዋል። ልብ ያለ ሰው አልነበረም። አንድም! ከኛ ፊት የቆመውን ሰውዬ ኮን በክርኑ ነካ አድርጎ «ይቅርታ ወንድሜ፣ ደረትህ ላይ ያለው ማነው?» አለው። ሰውዬው ባጁን እንኳ ሳያይ «የነገው ገዥያችን ነዋ! አንተ የት ሀገር ሰው ነህ?» ብሎ ተቆጣው።

መድረኩን ቀና ብለን ስናይ ደግሞ ምን እንይ? ጠበቃ ስትራውድ ራሳቸው፣ ያንን ሪዛቸውን እያሻሹ፣ የተቃዋሚያቸውን መላጣ ኮታቸው ላይ ሰክተው ይናገራሉ። ከአንድ ሰዓት በላይ ተናገሩ። «ሕዝቤ ፊቴን ያውቀዋል!» ሲሉ ጭብጨባው ጣሪያውን ሊያነሣው ደረሰ። ኮን ሳቁን ለማፈን የባርኔጣውን ጫፍ ነከሰ።

ሳቁ፤ መሳቅ ይገባችኋል። እኔ ግን ትራሙ ላይ ስንመለስ ሳቄ ቆመ። አሰብኩት። ባጁን የሚያይ ሰው ከሌለ፣ የሚታየው ምንድነው? የሚታየው ደረቱ መያዙ ብቻ ነው። ማን ይዞታል፣ ለምን ይዞታል፣ ጉዳያቸው አይደለም። የተያዘ ደረት ወዳጅ ነው፤ ያልተያዘ ደረት ጠላት።

ይህንንም በዚያው ብርድ ወራት በቤቴ አየሁት። ባንኮቹ በራቸውን ሊዘጉ የተቃረቡበት፣ ሰው ለሾርባ ከቤተ ክርስቲያን እስከ ወንዙ ድረስ የተሰለፈበት ጊዜ ነው። ወንድሜ ቴዎ ጣሪያ ሠሪ ነበር፤ ጣሪያ የሚያሠራ ጠፍቶ አካፋ የሚሰጡበት ሰልፍ ላይ ቆመ፣ የከተማውን በረዶ ለመጥረግ። አካፋውን የሚያድለው የሰፈራችን የአህዮቹ ሰው ነበር። ተራው ሲደርስ «ባጅህ የታለ?» አለው። ቴዎ ዕድሜ ልኩን ለአህያ ነው ድምፁን የሰጠው። ባጅም ነበረው፤ እኔው በእጄ የሠራሁት ባጅ። ግን የሰካበትን ኮት ሚስቱ አጥባው በሌላ ኮት ወጥቷል። «እቤት ነው» አለ። «እንግዲያው አንተም እቤትህ ሂድ» አለው፤ አካፋውን ከኋላው ለነበረው ሰጠ።

ቴዎ መጥቶ ወጥ ቤታችን ውስጥ ኮቱን ሳያወልቅ ተቀመጠ። የዚያን ቀን ንዴት ዛሬም አልበረደልኝም። ስለዚህ ነገሬን ማንም ወደ ፓርቲ እንዳይጎትትብኝ። አህያም ሆነ ዝሆን፣ የሰውን ጉሮሮ በቆርቆሮ የሚዘጋ ሰው እኔ ፊት ያው አንድ ነው።

ወደ ዘንድሮው ልምጣ።

ይህ ቤት ምርጫው ባለቀ ማግስት ምን እንደሚሆን ነባሮቹ ታውቃላችሁ። የተሸናፊውን ባጅ ማን ይገዛል? የአሸናፊውንስ? ጭር ይላል። ለብርዱ ወራት የሚቀረው የወተት ቤቱ ማስታወቂያ፣ የማኅበራቱ ምልክት፣ የኪስ መስታወት ነው፤ ለዚያ ደግሞ ጥቂት ወንበር ይበቃል። ያንን ወንበር ማን ትቀመጥበት የሚለውን ረቡዕ ጠዋት የምመርጠው የፎቁ ፎርማን፣ የሥራ ኃላፊዋ፣ እኔ ነበርኩ። ሽማግሌው የሰጡኝ መመሪያ አንድ ነው፦ «ቤታቸውን እዪ»። ሌላ ገቢ የሌላት ትቅደም። አበቃ።

ቀላል ሥራ አልነበረም። ስንቷን ዓይኗን እያየሁ «እስከ ፀደይ» ብያለሁ! ግን አንድም ቀን «ለምን እሷ?» ያለችኝ የለችም፤ ምክንያቱን ሁሉም ያውቁታል። እንዲያውም የኮንቼታ ባል ወደቡ ላይ የሞተ ጊዜ፣ የመጨረሻውን ወንበር ለሄስተር ቶልማን ሰጥቼ ጨርሼ ነበር። ሄስተር ደረጃው ላይ ጠበቀችኝ።

«ጉሲ፣ ወንበሬን ለሩፎ ስጪያት።»

«አንቺስ?»

«ባሌ በሳምንት ሁለት ቀን ሥራ አግኝቷል። ጎመን እንበላለን። ጎመን ገድሎን አያውቅም።»

«ኮንቼታ የአህያ ሰው መሆኗን ታውቂያለሽ?»

«አውቃለሁ» አለችኝ፤ «ምስኪን፣ በዚያም ላይ ባል ሞተባት።»

ሄስተር፣ አትቆጪ፤ አልናገርም ብዬ ምዬልሽ ነበር። ዛሬ ከሥራ ስለወጣሁ መሐላዬም አብሮኝ ወጥቷል።

እንግዲህ በመስከረም መጨረሻ ሚስተር ክሊፎርድ የስትራውድን ባጅ በሳጥን ይዘው እዚህ ወጡ። ይህን ጊዜ ፊቱም ስሙም የራሳቸው ነው፤ ኮን ሦስቴ አይቶታል።

«ሚስስ ብሬነር፣ ከዛሬ ጀምሮ ሁሉም ሰው ይህን ያድርግ።»

«እዚህ ፎቅ ላይ ደንቡ ባዶ ደረት ነው፣ ሚስተር ክሊፎርድ።»

«ደንቡ የአባቴ ነበር። ፋብሪካው አሁን የኔ ነው።»

«ፋብሪካው የእርስዎ ነው። ደረቱስ?»

ይልቅ ሌላ ጨመሩልኝ፦ «ረቡዕ ወንበሮቹን ሲመርጡም ማን እንዳደረገችና ማን እንዳላደረገች አይተው ይምረጡ።»

እውነቱን ለመናገር ክፉ ሰው አይደሉም። ምክንያታቸውንም ነግረውኛል። ስትራውድ ቢያሸንፉ የመንግሥቱ ባጅ ሁሉ፣ የአዳኙም የሹፌሩም የፈቃድ ባጅ፣ እዚህ ይሠራል ተብሏል። «ዓመቱን ሙሉ ሥራ ይኖራል፤ ለነሱው ብዬ ነው» አሉኝ። ምናልባትም ከልባቸው ነው። እኔ ግን የመለስኩላቸውን ዛሬም እመልሳለሁ። ሥራው ከመጣ እሰየው! በሁለት እጃችን እንቀበለዋለን። ግን ሥራ ይመጣል ብሎ ለኮንቼታ ልጆች ከሰል የሚገዛውን ወንበር በቆርቆሮ መመዘን? «እኔ የማየው ቤታቸውን ነው፤ ደረታቸውን ለማየት ሌላ ሰው ይፈልጉ» አልኩ። «እንግዲያው ሌላ ሰው እፈልጋለሁ» አሉ።

መልካም ዕረፍት ማለት ይኸው ነው። ክሬሙ ሥር ያለው ይህ ነው።

አሁን ዓይኔን አነሣሁና ደረታችሁን አየሁ። ሪዝ፣ ሪዝ፣ ሪዝ፣ ሪዝ! ጠበቃ ስትራውድ በዚህ ሁሉ ደረት ላይ ሆነው ሲያዩኝ የሰፈሩ ፀጉር አስተካካይ ቤት የገባሁ መሰለኝ።

አልቆጣችሁም። ማናችሁንም። ብሮንያ ባለፈው ሳምንት አሳንሰሩ ጋ ስታለቅስ አግኝቻት «ጉሲ፣ አሳፈርኩሽ» አለችኝ። ምን ያሳፍራል? ሦስት ልጅ ያላት ሴት ቆርቆሮ ብትሰካ እኔ ነኝ የማፍረው ወይስ ያሰካት? ባጁ ጨርቅ ላይ ነው ያለው፤ ቆዳ ላይ አይደለም። ማክሰኞ ድምፅ መስጫው ጋ ትሄዳላችሁ፤ መጋረጃው ከኋላችሁ ይዘጋል። እዚያ ውስጥ ሚስተር ክሊፎርድ የሉም፣ የሰፈሩ አካፋ አዳይ የለም፣ እኔም የለሁም። እኔ የመጀመሪያዬን ድምፅ ስሰጥ አርባን ተሻግሬ ነበር። መጋረጃው ሲዘጋ ወጥቼ መሄድ እስኪያቅተኝ ድረስ ቆየሁ። የምርጫ አስፈጻሚው «እመቤት፣ ደህና ነሽ?» አለኝ። ደህና ነበርኩ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ደህና ሆኜ አላውቅም።

ስጦታዬንም ሚስተር ክሊፎርድ ሰጥተውኛል፣ እዩት፤ በወርቅ የተቀባ ባጅ፣ «ለታማኝነት» ይላል። ሥራው ያምራል፤ ስፒሉን የሰካችው ሉዊዛ መሆኗን ከአጣጠፉ ለይቼዋለሁ። አመሰግናለሁ፤ ከልቤ ነው። ግን ይቅርታ ያድርጉልኝና እዚህ አልሰካውም። ደንቡ ይከለክለኛል። ታማኝነቴ ለደንቡ ስለነበረ፣ ስጦታው የሚገባኝ ባላደረግሁት ጊዜ ነው። የታችኛው በር ጋ ስደርስ እሰካዋለሁ።

አሁን ወደ ጣሳዋ ልምጣ። ታውቋታላችሁ፤ የብልሽት ጣሳ ናት። የተጣመመ፣ የተላጠ፣ ፊቱ ወደ ጎን የተንሸራተተ ባጅ የምንጥልባት። ብልሽት የሚለየው ፎርማን ነው። ዛሬ የሥራ ሰዓቱ እስኪያበቃ ፎርማን እኔ ነኝ፤ ስለዚህ አንድ የመጨረሻ ፍርድ ልስጥ። በፍርሃት የተሰካ ባጅ ብልሽት ነው። ስፒሉ ቢያምር፣ ፊቱ ቢስተካከል፣ ብልሽት ነው፤ ቦታውም ጣሳዋ ናት።

ማንንም ስም አልጠራም። ማንንም አላስገድድም፤ ካስገደድኩማ ከማን ተለየሁ? ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞራለሁ፤ እኔም ራሴ እንዳላያችሁ። ሚስተር ክሊፎርድ፣ እርስዎም ቢዞሩ ደስ ይለኛል፤ ካልፈለጉ ሥጋዎን ይብሉ። ጀርባዬን ሰጥቼ ልመርቃችሁ።

ጣታችሁን ከስፒል ይጠብቅላችሁ። የከሰል ሣጥናችሁ አይጉደል። ባሎቻችሁ ሥራ ያግኙ፤ ያገኙትንም በመንገድ ሳይጠጡት ቤት ያግቡት።

ይሄ አንድ ነው። ሰማሁት። ኮንቼታ፣ ሳልሽ አጋለጠሽ እንጂ እኔስ አልዞርኩም።

ልጆቻችሁ ትምህርታቸውን ይጨርሱ። ከመካከላቸው አንዱ፣ ወይም አንዷ፣ ለገዥነት ይወዳደሩ፤ ባጃቸውን እናንተ ሥሩላቸው፤ ፊታቸውን ከስማቸው አታለያዩባቸው።

እህ። ቀስ በሉ፤ ጣሳዋ ቆርቆሮ ናት፣ ጆሮዬን አደነቆራችሁት።

ይህ ክፉ ዘመን ይለፍ። ሲያልፍም እርስ በርሳችሁ ቀና ብላችሁ የምትተያዩ ያድርጋችሁ። ጎመን ተካፍላችሁ የበላችሁበት ቀን ይታወሳችሁ እንጂ ማን ማንን የከዳበት ቀን አይኑራችሁ። ማክሰኞ መጋረጃው ሲዘጋ የልባችሁን ብቻ ስሙ፤ ልባችሁ ዝሆን ካለ ዝሆን፣ አህያ ካለ አህያ። እግዚአብሔር እጃችሁን ይባርክ።

አሜን ያለ አንድ ኮን ብቻ ነው? ሌሎቻችሁ እጃችሁ ሥራ ይዟል ማለት ነው።

ልዙር? ዞርኩ።

አይ... አንድ ጊዜ ታገሡኝ። መሐረብ አለኝ፣ መሐረብ አለኝ። አላለቀስኩም፤ ሆምጣጤው ነው።

ሄስተር፣ አንቺ ለምን ቆመሻል? ባጅሽ እንዳለ ነው። ተይ፣ ማንም አንቺን አያይሽ። ጮክ ብለሽ ተናገሪ፣ ሁሉም ይስማ። «እኔ ሰውዬውን የምር ነው የምመርጣቸው፤ ከአራት ዓመት በፊትም መርጫቸዋለሁ» ትላለች። እናውቃለን፣ የኔ እህት! ያንቺ ብልሽት አይደለም። ያንቺ ባጅ በዚህ ፎቅ ከተሠራው ሁሉ ጥሩው ነው። ጣሳ ውስጥ ብትጥይው እኔው ራሴ አወጣዋለሁ። ምን እያደረግሽ ነው? በቦርሳሽ? «ከበሩ ወዲያ አደርገዋለሁ» አለች። ሰማችሁ? ሽማግሌው ሲላስ ይህችን ሴት ቢያዩ ኖሮ!

ሚስተር ክሊፎርድ፣ ይቀመጡ እንጂ፤ ኬኩ ገና አልተቆረሰም። ከእርስዎ ጋር አልተጣላሁም። አንድ ነገር ብቻ ልንገርዎና ልሂድ። ረቡዕ ጠዋት እዚህ ይወጣሉ፣ ወንበሮቹም ይጠብቁዎታል፣ እነዚህ ሴቶችም ይሰለፋሉ። ደረታቸውን ያያሉ፤ የአንዷ ከሌላዋ የማይለይ ይሆንብዎታል። ያን ጊዜ የቀረዎት ነገር ቢኖር ማንነታቸውን መጠየቅ ነው፤ ከማን ጋር እንደሚኖሩ፣ ቤታቸው ውስጥ ማን እንደሚሠራ፣ ማን እንደታመመ። ቢቸግርዎ ቤቴን ያውቁታል፤ ከትራሙ ማቆሚያ ሦስተኛው በር ነው። መጥተው ይጠይቁኝ፤ በነጻ እነግርዎታለሁ።

ያንን ኮትዎን ግን ከነባጁ ከታች ሰቅለው ይውጡ። አባትዎ የሚሰቅሉበት ሚስማር ዛሬም እዚያው አለ።

በሉ፣ ኬኩን ቁረሱ። ቢላዋውን ለሄስተር ስጧት።